ሞግዚት የበዛበት ልጅ፦ የልዑል ዓለማየሁ ነገር

ልጅ ሳለን የታሪክ አስተማሪያችን ስለ መቅደላ ሲያወሩ አይደክማቸውም ነበር። ሴባስቶፖል እንዴት ተጎትቶ ዳገት እንደወጣ፣ ገብርዬ የት እንደወደቀ፣ ሽጉጡን ማን እንደላከው፣ ሁሉንም በዝርዝር ይነግሩናል። መጨረሻ ላይ «ልጁንም ወሰዱት» ይሉና ጠመኔውን ያስቀምጣሉ። አለቀ። ስለ ልጁ፣ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ልጅ ስለ ዓለማየሁ፣ ከዚያ በላይ አልሰማንም።

ትልቅ ሰው ከሆንን በኋላም ቡና ላይ ነገሩ ሲነሳ ጨዋታው ቶሎ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ሕፃን ጠልፈው እዚያው አስቀሩት» ይላል። ሌላው ደግሞ «ንግሥቲቱ ነች እኮ ያሳደገችው፣ የተቀበረው ነገሥታቱ ጋ ነው፣ ምን ጎደለበት?» ይላል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ልጁን ግን ሁለቱም አያዩትም። እኔ ስለ እሱ ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ዓለማየሁ ሞግዚት የበዛበት፣ ወላጅ ያጣ ልጅ ነው። ካሳደጉት ሰዎች አብዛኞቹ ክፉ አልነበሩም። ግን የት ይኑር፣ ምን ይማር፣ ከማን ጋር ይደር የሚለውን የሚወስነው ሰው በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል። እሱን «አንተስ?» ያለው የለም ማለት ይቻላል።

እስቲ ከሥሩ እንየው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

አባቱን ሁሉም ያውቃል። የእናቱን ወገን ግን እንረሳለን። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ደጃች ውቤ ሰሜንንና ትግራይን የገዙ፣ ደረስጌ ማርያምን አሠርተው እዚያው ለመንገሥ ተሰናድተው የነበሩ ሰው ናቸው። በየካቲት 1855 ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸውና በዚያችው ቤተ ክርስቲያን «ቴዎድሮስ» ተብለው ዘውድ ጫኑ። ውቤ የደገሱትን ሠርግ ሌላ ሰው አገባበት ማለት ነው። እሳቸው ወደ እስር ቤት ሄዱ። ከዓመታት በኋላ ንጉሡ በጣም የሚወዷቸው ሚስታቸው ተዋበች ሲሞቱባቸው፣ ይኸው የእስረኛቸው ልጅ ተዳረችላቸው።

እንዲህ ያለ ትዳር ምን ዓይነት ቤት እንደሚሆን መገመት አይከብድም። እቴጌይቱ ዳዊት ሲደግሙ ንጉሡ ቢገቡ እንኳ ከመቀመጫቸው አይነሡም ነበር ይባላል። «ምነው?» ሲባሉም «ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርሁ ነው» አሉ ይባላል። ወሬው ቃል በቃል እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። የቤቱን አየር ግን በደንብ ያሳያል።

ዓለማየሁ በሚያዝያ 1861 ደብረ ታቦር ተወለደ። ንጉሡ ሌሎችም ልጆች ነበሯቸው፣ መሸሻና አልጣሽ ይታወቃሉ። በሕግ ከተጋቧቸው እቴጌ የተወለደው ወንድ ልጅ ግን እሱ ነው። ይህ ነገር ለሕፃኑ ጥቅም አልነበረውም። ፖለቲካ ለሚያሰላ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ይህችን ካለፍናት የቀረው አይገባንም። በዚያ ዘመን የገዢ ልጅ መያዣ ነው። አባቱ እንዳያምጽ ይያዛል፣ አባቱ ሲሞት ደግሞ ሌላ ሰው በስሙ እንዳይነሣ ይያዛል። ይህን ከአፄ ቴዎድሮስ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሸዋን በ1855 ሲያስገብሩ የሟቹን የንጉሥ ኃይለ መለኮትን ልጅ ይዘው መቅደላ አወጡት። ልጁ ምኒልክ ናቸው፤ ያኔ 11 ዓመታቸው ነበር። አልተበደሉም። እንደ መኳንንት ልጅ አደጉ፣ ቆይተውም የንጉሡን ልጅ አልጣሽን አገቡ። ከአምባው መውረድ ግን የለም። 10 ዓመት።

በ1865 ክረምት ምኒልክ በሌሊት አመለጡ። የደረሱት ወሎ፣ ወይዘሮ ወርቂት ዘንድ ነው። የወርቂት ልጅም መቅደላ ታስሮ ነበር። ምኒልክን አሳልፈው ቢሰጡ ልጃቸውን ማትረፍ ይችሉ ነበር ይሆናል፤ ማን ያውቃል። ግን አሳለፏቸው። አፄ ቴዎድሮስም የወርቂትን ልጅ አስገደሉ።

ያን ጊዜ ዓለማየሁ 4 ዓመቱ ነው። አባቱ የሰው ልጅ ይዘው ምን እንደሚያደርጉበት ገና አይገባውም። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ተራው የእሱ ሆነ። በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት ግን መሬት ነው። ምኒልክ ከመቅደላ ሲወርዱ ሸዋ የቀናት መንገድ ነበረች። ቋንቋው ያው፣ ዘመዱ ያው፣ «የንጉሣችን ልጅ መጣልን» ብሎ የሚቀበል ሕዝብ ደግሞ ዝግጁ። ዓለማየሁ ማምለጥ ቢያስብ ባሕር መሻገር ነበረበት።

ጦርነቱን በአጭሩ ልለፈው፣ ታውቁታላችሁ። ንጉሡ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ፣ መልስ ቀረ፣ ተቆጡ፣ አውሮፓውያኑን አሰሩ። እንግሊዝ 13,000 ወታደር በጄኔራል ናፒየር አስመርታ ላከች። ዘመቻው ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ፈጀ። በስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ልጁ 7 ዓመት ሊሞላው 10 ቀን ቀርቶት ነበር።

ከዚያ ምርኮው መጣ። የብራና መጻሕፍቱ፣ ታቦታቱ፣ ዘውዱ፣ ጽዋው። ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ ይባላል። ደላንታ ሜዳ ላይ ወታደሮቹ ጨረታ አወጡበት። ልጁ 7ኛ ዓመቱን የደፈነው በዚያው ሰሞን ነው።

እናቱ አብረውት ነበሩ። አሁንም ቢያንስ አንድ ሰው አለው። ግን እቴጌ ጥሩወርቅ ሳንባቸውን ታመው ነበር፤ ወደ ሰሜን ከሚጓዘው ጦር ጋር እየተጓዙ ግንቦት 8 ቀን አረፉ። ባላቸው ከሞቱ በ32ኛው ቀን ማለት ነው። ትግራይ፣ ጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ልጁ ጉዞውን ቀጠለ።

እንግዲህ ጥያቄው፦ ታፈነ ወይስ ተጠለለ? እንግሊዞቹ የሚሉት ግልጽ ነው። አባትየው ልጄን ለእንግሊዞች አደራ ብለዋል ይላሉ። አገሩ ላይ ትተነው ብንሄድ ጠላቶቹ ይገድሉታል ይላሉ። ይህ ሁለተኛው ምክንያት ባዶ አይደለም። አሁን የወርቂትን ልጅ አይተናል። ዋግሹም ጎበዜ፣ የትግራዩ ካሳ፣ የሸዋው ምኒልክ ሁሉም ዘውዱን እየጠበቁ ነው። የቴዎድሮስ ልጅ በማንኛቸውም እጅ ቢገባ ምን ይሆን እንደነበር እኔ አልምልም።

ግን ሌላውም ወገን አለ። ናፒየር ሲወጣ መንገድ ለከፈተለት ለትግራዩ ካሳ መድፍና ጠመንጃ ትቶለት ነው የሄደው፤ ካሳም በዚያ ጉልበት ጭምር ኋላ አፄ ዮሐንስ ሆኑ። ወዳጅህን አስታጥቀህ ስታበቃ የዙፋኑን ወራሽ አገር ቤት አትተውለትም። ይሄ የእኔ ግምት ነው፤ ግን ከባድ ግምት አይመስለኝም። እና መልሴ፦ ሁለቱም ነው። ነፍሱን አድነዋል፣ ያዳኑትን ደግሞ አልመለሱም። መቅደላ ላይ ይሠራ የነበረው ሥራ በጓንት ተሠራ።

ከመቅደላ ጀምሮ ልጁን በቅርብ የያዘው ካፒቴን ስፒዲ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ጺሙ ቀይ፣ ድሮ አፄ ቴዎድሮስ ጋ ያገለገለ፣ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ነበር። በአገራችን ስሙ «ባሻ ፈለቀ» ነው። እንግሊዛዊ ሆኖ ባሻ ፈለቀ! ልጁ ከዚህ ሰው አልለይም አለ። ለምን አይልም? በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መካከል «ና ልጄ፣ ብላ» ሲሉት የሚገባው በዚህ ሰው አፍ ብቻ ነዋ።

በሐምሌ 1868 እንግሊዝ ደረሱ። ንግሥት ቪክቶሪያ ዋይት በምትባለው ደሴት፣ ኦስቦርን በሚባለው የበጋ ቤቷ አየችው፤ ወደደችው። የቀን ማስታወሻዋ ላይ ስለ ዐይኑና ስለ ቁመናው ጽፋለች። ስፒዲ እዚያው ደሴት ላይ ቤት ነበረውና ልጁ ከእሱ ጋር ተቀመጠ።

የዚያን ጊዜ ፎቶዎች አሉ። አይታችኋቸው ይሆናል። ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረች ፎቶ አንሺ ያነሣቻቸው ናቸው። ነጭ ልብስ፣ አንገቱ ላይ ጌጥ። ከሥሩ «ደጃች ዓለማየሁ፣ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» ይላል። ሰው ሁሉ ፊቱን አይቶ «ሲያሳዝን!» ይላል፤ ያሳዝናልም። አንድ ነገር ግን ልጨምር። የካሜሮን ካሜራ ሥዕሉን ለመያዝ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። አንዲት ሰከንድ አይደለም፣ ደቂቃዎች። ከተነቃነቅህ ይበላሻል። አባትና እናቱን በአንድ ወር ገደማ ያጣ የ7 ዓመት ልጅ፣ ገና በማይገባው ቋንቋ ፀጥ በል ተብሎ፣ ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ ተቀምጦ ነው ያ ሥዕል የወጣው። የእኔ የ7 ዓመት የእህቴ ልጅ ለፓስፖርት ፎቶ 3 ሰከንድ መቆም አቅቶት ግማሽ ቀን ፈጅተናል።

ስፒዲ ሚስት አገባ። ከዚያ ሕንድ ውስጥ የፖሊስ ሹመት አገኘና ዓለማየሁን ይዞ ሄደ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚመስል ነገር ያገኘው ያኔ ይመስለኛል፤ አባት የሚመስል ሰው አለ፣ እናት የምትመስል ሴት አለች፣ ፀሐይ አለ። ያም አልቆየም። በ1871 ስፒዲ ወደ ፔናንግ፣ የዛሬዋ ማሌዥያ፣ ተዛወረ። ለንደን የተቀመጠው የግምጃ ቤቱ ሹም ሮበርት ሎው ደግሞ «ልጁ ትምህርት ይፈልጋል፤ ይመለስ» አለ።

የነገሩ ውል እዚህ ጋ ነው፣ እና ብዙ ሰው ያልፈዋል። ልጁን ያሳደገችው ንግሥቲቱ ነች ይባላል እንጂ፣ ወጪውን የሚከፍለው መንግሥት ነው። ወጪ የሚከፍል ደግሞ ያዝዛል። ንግሥቲቱ ልጁ ከስፒዲ እንዳይለይ ትፈልግ ነበር። ግምጃ ቤቱ ግን ጥሩ ትምህርት ቤት ይግባ አለ። ክርክሩ ውስጥ ሁሉም ለልጁ ነው የሚያስበው። ያሸነፈው ግን ቦርሳውን የያዘው ወገን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ዘመድ የሞተበት ልጅ ሲከፋፈል በእኛም ሰፈር አይተናል። አንዷ አክስት «እኔ ጋ ይሁን፣ ለምዶኛል» ትላለች፤ ከውጭ ብር የሚልከው አጎት ደግሞ «አዳሪ ትምህርት ቤት ይግባ» ይላል። የአጎትየው ቃል ያልፋል። ልጁ ሻንጣውን ይሸክፋል።

ዓለማየሁም ሸከፈ። 10 ዓመት ገደማው ነው። ቸልተናም ወደምትባል ከተማ ተላከ። አዲሱ ሞግዚቱ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ዶክተር ጄክስ ብሌክ ነው። በ1874 ርእሰ መምህሩ ወደ ራግቢ ተዛወረ፤ ልጁም አብሮ ተዛወረ። ራግቢ የሚባለው ጨዋታ ስሙን ያገኘበት ያ ትምህርት ቤት ነው። ዓለማየሁ ጨዋታ ላይ ጎበዝ ነበር፤ ደብተር ላይ ግን አልሆነለትም። መምህራኑ ስንፍና ሊመስላቸው ይችላል። እኔ ሳየው አንድ ልጅ በ7 ዓመቱ ከአማርኛ ወጥቶ፣ እንግሊዝኛን ሲጀምር ሕንድ ሄዶ፣ ከሕንድ ተመልሶ በላቲን ተፈተነ። ከስፒዲ ከተለየ በኋላ ደግሞ አጠገቡ አማርኛ የሚያወራ ሰው አልነበረም። አሁን በአሜሪካና በአውሮፓ ልጅ የምታሳድጉ ሰዎች ይሄን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ቤት ውስጥ እናትና አባት በአማርኛ እየጮሁ እንኳ ቋንቋው ከልጅ አፍ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይሸሻል።

አገሬ ልመለስ አለ? ብሏል። በጊዜው ከተጻፉ ደብዳቤዎች እንደሚታየው መመለስን አንሥቶ ነበር፣ ሐሳቡም ቶሎ ተዘጋ። ወዴትስ ይመለስ? አገር ቤት ያሉት አፄ ዮሐንስ ናቸው። የቴዎድሮስ ልጅ መጣ ማለት ለእሳቸው ጨዋታ አይደለም። እዚህ ላይ ልጁ በሁለት በኩል ተዘጋበት፤ በእንግሊዝ የሚያሳድገው እንጂ የሚፈልገው የለም፤ በአገሩ የሚፈልገው ቢኖር እንኳ ለዙፋን ነው።

በ1878 ሳንድኸርስት ገባ። የመኮንኖች ማሠልጠኛ ነው። ነገሩ በወረቀት ላይ ያምራል፤ የንጉሥ ልጅ ነውና መኮንን ይሁን። እስቲ ግን ከልጁ ወገን ሆናችሁ እዩት። አባቱ የሞቱት ይህን ልብስ የለበሰ ጦር አምባቸውን ሲሰብር ነው። አሁን ልብሱን ለእሱ አለበሱት። ደስ አላለውም፤ በ1879 ትቶ ወጣ። የሄደው ሊድስ፣ ራግቢ ሳለ ያስተምረው የነበረ ሲሪል ራንሰም የተባለ ሰው ቤት ነው። ልብ በሉ፣ ማንም ሳይልከው ራሱ የመረጠው ቦታ ቢኖር ይሄ ሳይሆን አይቀርም። የመረጠውም አስተማሪውን ነው።

እዚያ ብዙ አልቆየም። የሊድስ ብርድ፣ የሳንባ ሕመም። እናቱን የወሰደው ዓይነት ሕመም። ሲታመም አንድ ሰሞን ተመርዣለሁ ብሎ መድኃኒት እምቢ አለ። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም.፣ ማለት ኖቬምበር 14፣ 1879፣ ሄዲንግሊ በምትባል የሊድስ ሰፈር አረፈ። 18 ዓመቱ ነበር።

ንግሥት ቪክቶሪያ በቴሌግራም ሰማች። ማስታወሻዋ ላይ የጻፈችው ልብ ይነካል፦ ብቻውን፣ በባዕድ አገር፣ የእኔ የሚለው አንድ ዘመድ እንኳ ሳይኖረው ሞተ፣ ሕይወቱም የደስታ አልነበረም ትላለች። ከዚያ ስሜቱ ቶሎ የሚነካ ልጅ እንደነበር፣ ሰዎች በቀለሙ ምክንያት የሚያፈጡበት ይመስለው እንደነበር ትጨምራለች። ሐዘኗን አልጠራጠርም። «ይመስለው ነበር» የሚለው ግን ያስቀኛል። በ1879 ሊድስ መንገድ ላይ አንድ የሐበሻ ልጅ ሲሄድ ማንም አላፈጠበትም? አሁን እንኳ ያፈጡብናል እኮ።

በንግሥቲቱ ፈቃድ ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ የጸሎት ቤት ተቀበረ። ብዙ የእንግሊዝ ነገሥታት የተቀበሩበት ቦታ ነው። የእሱ ሥጋ ያለው ግን ከነገሥታቱ መቃብር ጋር ሳይሆን ካታኮምብ በሚባለው የምድር ውስጥ መቃብር ነው፤ ሌሎች ሰዎችም አብረውት አሉ። ውስጥ በስሙ የነሐስ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ኋላ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ ሌላ መታሰቢያ ተጨምሮለታል።

አሁን ወደ አፅሙ ክርክር እንምጣ፣ ምክንያቱም ሰው የሚደባልቀው ነገር አለ። በ2007፣ እኛ ሚሊኒየማችንን ስናከብር፣ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጥያቄ አቀረቡ። አልተሳካም። በ2023 ጉዳዩ እንደገና ሲነሣ ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የመጣው መልስ ይሄ ነው፦ በአካባቢው ያረፉ ብዙ ሌሎች ሰዎችን ሳይረብሹ አፅሙን ማውጣት መቻሉ በጣም ያጠራጥራል። የጸሎት ቤቱ ኃላፊዎች የልዑሉን መታሰቢያ ማክበር ይፈልጋሉ፣ የሌሎቹን ሟቾች ክብር መጠበቅም ግዴታቸው ነው። የኢትዮጵያ መልእክተኞች መቃብሩን እንጎብኝ ሲሉ ደግሞ ተፈቅዶላቸዋል።

ብዙዎች ይህን ከታቦታቱና ከብራናዎቹ ጋር አንድ ያደርጉታል። አንድ አይደለም። የብሪትሽ ሙዚየም ዕቃ አልመልስም ሲል የሚጠቅሰው በ1963 የወጣ ሕግ አለው። ሕጉ ሙዚየሙ ከስብስቡ እንዳያወጣ ያስረዋል፤ እዚያ ማንም በማያያቸው ክፍል ተዘግቶባቸው የተቀመጡት 11 ታቦታት ያልተመለሱት በዚህ ነው። የዓለማየሁ አፅም ግን የሙዚየም ዕቃ አይደለም። የዊንዘሩ የጸሎት ቤት ደግሞ ለማንም ጳጳስ አይታዘዝም፤ በቀጥታ በንጉሡ ሥር ነው። ስለዚህ ፓርላማ ሕግ ይቀይር የሚል ጥያቄ እዚህ አይሠራም። ጠብ የሚል ነገር ካለ ከቤተ መንግሥቱና ከጸሎት ቤቱ ነው የሚመጣው። ልመናውም፣ ድርድሩም፣ ጩኸቱም ወደዚያ መሄድ አለበት።

«ሌሎችን ይረብሻል» የሚለው ምክንያት ሰበብ ነው? እኔ ሙሉ በሙሉ ሰበብ ነው አልልም። ብዙ ሰው በተኛበት የምድር ውስጥ ክፍል፣ ከ140 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ይሄ የዓለማየሁ ነው ይሄ የሌላ ነው ማለት ከባድ ሊሆን ይችላል። የተሳሳተ ሰው አፅም ቦሌ አውርደን በሰንደቅ ዓላማ ጠቅልለን ብንቀበልስ? ግን ከባድና የማይቻል ለየብቻ ናቸው። በመስከረም 2023 የዓለማየሁ የፀጉር ዘለላ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተመልሷል፤ የስፒዲ ወገን የሆነ ቤተሰብ ሲጠብቀው የኖረ ነው። የአባቱም ፀጉር በ2019 ከለንደኑ የጦር ሙዚየም ተመልሷል። ፀጉር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሥሩ የሌለበት የተቆረጠ ፀጉር እንኳ ከእናት የሚወረሰውን ዲኤንኤ ይይዛል። ከአንድ አጥንት ጋር ለማስተያየት ይህ በቂ መነሻ ነው። ድሮ ከሰው ራስ ላይ ለማስታወሻ የተቆረጠች ዘለላ የዛሬ መታወቂያ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ሲጠየቅ ግን አልሰማሁም።

ሌላ ያልተጠየቀ ነገርም አለ፤ ይሄኛው ለእኛ ነው። ይመለስ ስንል የት? አፄ ቴዎድሮስ መጀመሪያ መቅደላ ተቀብረው ኋላ አፅማቸው ቋራ፣ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ገብቷል። እቴጌ ጥሩወርቅ ጨለቆት ናቸው። አንዱ አማራ ክልል፣ አንዱ ትግራይ። ልጁ ከአባቱ ጋር ይሁን ቢባል የእናቱ ወገን ምን ይላል? አዲስ አበባ፣ ሥላሴ ይሁን ቢባል አዲስ አበባ እሱ ሲሞት ገና አልተቆረቆረችም። እኔ ብጠየቅ ከእናቱ ጋር ይሁን እላለሁ። 32 ቀን ቢሆንም የመጨረሻውን መንገድ አብረው የሄዱት እነሱ ናቸው። ሰው ግን አይስማማኝም ይሆናል፤ አንድ ወዳጄ «ንጉሥ ከአባቱ ነው የሚቀበረው» ብሎ ግማሽ ሰዓት ተከራክሮኛል። ንጉሥ አልነበረም ብለው አልሰማኝም።

ለንደን ያላችሁ ሰዎች ዊንዘር በባቡር ቅርብ ነው። እሑድ የጸሎት ቤቱ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ለሚጸልይ ግን ክፍት ነው፣ አይከፈልበትም። የነሐስ ሰሌዳው ላይ ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደ ቃል አለ፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና»።